በቂ ምክንያት

እናቴ ሥራዋን የለቀቀችበትን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚያ ደብዳቤ ስለሚነሣ ነው። ደብዳቤው ስሕተት አልነበረበትም። ፊደሉም ነጥቡም አቀማመጡም ልክ ነበር። ችግሩ ከልክ በላይ ያማረ መሆኑ ነበር።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ኦስሎ ነው። ዘንድሮ የመምህርነት ትምህርት ጀምሬ የመጀመሪያ ዓመቴን ገና መጨረሴ ነው። ቤታችን ቬስትሊ ነው፤ ቴባነው፣ ማለት የከተማው ባቡር፣ መጨረሻው ደርሶ የሚመለስበት ጫፍ። ይህ ለእናቴ ትልቅ ነገር ነበር። ሥራዋ ሄልስፊር፣ ከጣቢያው አጠገብ ካሉት የቢሮ ሕንፃዎች በአንዱ ነበር፤ በጽዳት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባቡሩ ባዶውን ሳለ ገብታ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ነው የሄደችው። «እኔ ቆሜ ሄጄ አላውቅም» ትላለች፤ ሌላው ሰው «የራሴ መኪና አለኝ» እንደሚለው አድርጋ።

ስለ ሥራዋ ስታወራ የምታወራው ስለ ወለል ነበር። የቱ ወለል ውኃ እንደሚወድ፣ የቱ ውኃ ሲነካው እንደሚያኮርፍ ታውቃለች። ልጅ ሳለሁ አንድ የእረፍት ቀን ይዛኝ ሄዳ፣ ሰው ሳይገባ ረጅሙን ኮሪደር አሳየችኝ። «እዪው፣ አንድ መስመር እንኳ የለበትም» አለችኝ። አየሁ፤ ምንም አልታየኝም። ለካ ነገሩ ምንም አለመታየቱ ነው።

እጇ መሰነጣጠቅ የጀመረው በመስከረም ነው። መጀመሪያ በጣቶቿ መካከል ቀላ፤ ከዚያ ቆዳው ተላላጠ፤ ከዚያ ይደማ ጀመር። ጓንት ብታደርግ ጓንቱ ውስጥ ያልበዋል፤ ባታደርግ ሳሙናው ይለበልበዋል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ በትከሻዋ ብቻ ሰላም ትል ጀመር። አባቴ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ነገርን በቀልድ ካልሆነ አያነሣም። «ሰዉ ኮራችብን እያለሽ ነው» አላት። አልሳቀችም።

የቤተሰብ ሐኪማችን ጋር ሄደች። ሐኪሟ እጇን አገላብጣ አይታ፣ ይህ እጅ ከውኃና ከሳሙና ካልራቀ አይድንም፣ ሌላ ዓይነት ሥራ መፈለግ አለብሽ አለቻት። ለጊዜውም ከሥራ የሚያሳርፍ ወረቀት ልጻፍልሽ ብላ ነበር። እናቴ እምቢ አለች። ለእኛ ስትነግረን እንዲህ ነበር ያለችው፦

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳት። ግን እኔ አልታመምኩም፤ እጄ ነው የታመመው። ደህና ሰው እንዴት ቤቱ ተኝቶ ደመወዝ ይበላል?»

ከወረቀቱ ይልቅ አለቃዋን ማነጋገር መረጠች። አለቃዋ በዕድሜ ከእሷ በጣም የሚያንስ፣ ሁልጊዜ የሚቻኮል ኖርዌጃዊ ነው። ውኃ የማይነካ ሥራ እንዲፈልግላት፣ ስብሰባ ክፍል ማሰናዳትም ይሁን እቃ መቁጠር፣ ጠየቀችው። እሺ አለ፣ ሌላ ጓንት አመጣላት። እንደገና ጠየቀችው። ከገና በኋላ እናያለን አለ። ገና አለፈ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችው፤ አሁንም እናያለን አለ። በጥር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤት ጠርታ አስቀመጠችኝ።

«ሥራ ለቀቅኩ ብለሽ ጻፊልኝ» አለችኝ። «በጥሩ ኖርስክ። እንዳይከፋው አድርገሽ።»

«ስለ እጅሽ ልጻፍ?»

«ናይ፣ አይሆንም። ስሞታ እንዳይመስልብኝ። ዘጠኝ ዓመት የበላሁበት ቤት ነው። ሰው ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የሚዘጋው።»

እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን አሳምሬ መሥራት እወዳለሁ። ከትንሽነቴ ጀምሮ ለቤታችን የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የማነበው፣ መልሱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እናቴ «ጎበዝ» ስትለኝ ቀኑ ይበቃኛል። ስለዚህ አሳመርኩት። በገዛ ፈቃዷ እንደምትለቅ፣ ለተደረገላት ሁሉ ከልብ እንደምታመሰግን ጻፍኩ። እሷ ሳትለኝ ከራሴ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «በእነዚህ ዓመታት ምንም የጎደለብኝ ነገር አልነበረም።» በኖርዌጂያንኛ ሲነበብ ዜማ ነበረው። ኮራሁበት።

አባቴ ተርጉሜ ሳነብለት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ይኼ መልቀቂያ ነው የሠርግ ጥሪ?»

እናቴ ግን «ጎበዝ» አለችኝ። ሰኞ ይዛው ሄደች። አለቃዋ ደንግጦ፣ አዝኖ፣ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ አሳጥሮላት በፌብሩዋሪ ማብቂያ ተሰናበተች። የመጨረሻ ቀኗን ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ወልውላ ነው የወጣችው።

ከዚያ ዳግፔንገር ጠየቅን፤ ሥራ ፈላጊ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ መንግሥት የሚከፍለው ነው። እናቴ ለዘጠኝ ዓመት ግብር የከፈለች ሰው ናት፤ ይህን የጠየቀችው እንደ ምጽዋት አይደለም። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ደብዳቤውን ያያያዝኩትም እኔ ነኝ። ምን ችግር አለው ብዬ! ያማረ ደብዳቤ ነው።

መልሱ የመጣው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ስልኬ ላይ ከፍቼ ማንበብ ስጀምር ፊቴ እንደተለወጠ እናቴ አየች።

«ምን ይላል?»

ሕጉ ቀላል ነው፣ አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። አሠሪ ያሰናበተው ሰው ብዙ ሳይጠብቅ ይከፈለዋል። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው ግን በቂ ምክንያት ከሌለው አሥራ ስምንት ሳምንት ይጠብቃል። በቂ ምክንያት ካለው፣ ለምሳሌ ሥራው ጤናውን ከጎዳውና ይህን ሐኪም ከመሰከረለት፣ ከመልቀቁ በፊትም አሠሪው ሥራውን እንዲለውጥለት ጠይቆ ከሆነ፣ እንደዚያ አይጠብቅም። ደብዳቤው እናቴ ያለ በቂ ምክንያት ለቅቃለች ይላል። ማስረጃውም ከሥሩ ነበር። «ምንም የጎደለብኝ ነገር አልነበረም።» የኔ ዓረፍተ ነገር። ከነዜማው።

ተረጎምኩላት። የኔን ዓረፍተ ነገር ስደርስ ድምፄ አነሰ።

«ያለ ምን?» አለችኝ።

«ያለ በቂ ምክንያት።»

ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከሥራ ከወጣች ወዲህ ቁስሉ ደርቆ ነበር፤ ጠባሳው ግን ገና ሮዝ ነበር። እጇን አየችው እንጂ እኔን አላየችኝም።

አባቴ «በቃ ተዉት፤ እኔ ትርፍ ሰዓት እነዳለሁ» አለ።

«ስለ ብሩ መቼ አወራሁ?» አለችው። «ሰው ያለ ምክንያት ሥራውን ጥሎ ወጣ ሲባል ምን ማለት ነው? ሰነፍ ማለት ነው። ጠግባ ነው ማለት ነው። ይኼ ወረቀት በስሜ አገር መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል?»

«ያ፣ አዎ፣ ይቀመጣል» አልኩ። መዋሸት አልቻልኩም።

«እንግዲያው ይነሣልኝ።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሆኜ በእረፍት ሰዓት ደብዳቤውን ወደ ላከው ቢሮ ደወልኩ። ያነሣችው ሴት ድምፅዋ ደግ ነበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ ክላገ፣ ማለትም ይግባኝ፣ ማቅረብ እንደምንችል ነገረችኝ። ሁለት ነገር ያስፈልጋል አለች። አንደኛ፣ ሐኪሟ ከመልቀቋ በፊት ሥራ እንድትቀይር እንደመከረቻት የሚያሳይ ወረቀት። ሁለተኛ፣ አለቃዋን መቼ መቼ እንዳነጋገረች። «በግምት ሳይሆን በቀኑ» አለችኝ። «ቀኑ ከሌላው ወረቀት ጋር ካልገጠመ ሁሉም ነገር ያጠራጥራል።»

ለዚህ ሁለተኛው ተስፋ ቆረጥኩ። እናቴ ለአለቃዋ አንድም ነገር በጽሑፍ አልነገረችውም።

«ምናለ አንድ መስመር ሜሴጅ ብትልኪለት?» አልኳት ማታ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

«አጠገቤ ቆሞ ነው ሜሴጅ የምልክለት?»

«እሺ፣ መቼ ነበር? ታስታውሻለሽ?»

ድንች እየላጠች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «ሐኪሟን ያየኋት በጥቅምት መድኃኔ ዓለም። እሱን ደግሞ መጀመሪያ በኅዳር ሚካኤል። ሁለተኛ በኅዳር ጽዮን። ሦስተኛ በጥር ሥላሴ።»

ቢሮው የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

የእናቴን ትውልድ ለማያውቅ ማስረዳት አለብኝ። በእነሱ ዘንድ የወሩ እያንዳንዱ ቀን ማለት ይቻላል ባለቤት አለው። አምስት አቦ ነው፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፣ ሃያ አንድ ማርያም ናት። እናቴ የቴባነ ካርዷ የሚያበቃበትን ቀን አታውቅም፤ ካርዱ የጠፋበትን ቀን ግን ታውቃለች፣ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። ልጅ ሆኜ በዚህ አፍር ነበር። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ስትነግረኝ «ለአማኑኤል» ስትል፣ ጓደኞቼ ፊት «እናቴ፣ በፈረንጅ ንገሪኝ» እላት ነበር። አሁን ደብተር አወጣሁና መጻፍ ጀመርኩ።

መለወጡን እኔ ነኝ የሠራሁት። መስከረም አንድ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ነው፤ ይህን ማንኛውም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ያውቃል። ወሩ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ነው። እየቆጠርኩ ወረድኩ። የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ኖቬምበር ስድስት ሆነ። ሌሎቹንም እንዲሁ አወጣሁና በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩ፤ ከሥራቸውም አሰመርኩ።

ከሳምንት በኋላ የሐኪሟ ወረቀት በፖስታ መጣ። ሁሉም ነገር ተጽፎበታል፤ የእጇ ሁኔታ፣ ምክሩ፣ እናቴ የሕመም ፈቃድ አልፈልግም ማለቷ ሳይቀር። ቀኑ ግን ኖቬምበር ሰባት ነበር።

አንድ ቀን ነው። ሌላ ሰው አንድ ቀን ምን አላት ይል ይሆናል። የሴትዮዋ ቃል ግን ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ካልገጠመ ሁሉም ነገር ያጠራጥራል። እናቴ አንዱን ከሳተች ሌሎቹንም ስታ ይሆናል። ደግሞስ እኔ ነኝ ዓለም ሁሉ የማያውቃቸውን ቀኖች በጽሑፍ ላሰፍር የተነሣሁት። እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አሰብኩ። እንዳይከፋት ለስለስ አድርጌ ጀመርኩ።

«እናቴ፣ ያ መድኃኔ ዓለም ያልሽው ቀን፣ ምናልባት ማግስቱ ይሆን?»

«መድኃኔ ዓለም ነው። ከሐኪሟ ወጥቼ ለቅዳሴው ልድረስ ብዬ አልደረስኩም።»

«የሐኪሟ ወረቀት ግን ሰባት ነው የሚለው። በኔ ሒሳብ መድኃኔ ዓለም ስድስት ላይ ነው የዋለው።»

እጇን አደራርቃ መጥታ ደብተሬን አየች። አኃዞቹን በጣቷ ተከትላ ወረደች። ከዚያ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመች።

«ዓምና ጳጉሜን ስንት ነበረች?»

«አምስት።»

«ስድስት!» አለች። «ሉቃስ ሲወጣ ጳጉሜን ስድስት ናት። ዘንድሮ ዘመን መለወጫ በአሥራ ሁለት ነው የገባው። ማክሰኞ ነበር፤ ትምህርትሽን ቀርተሽ አብረሽኝ አልሄድሽም? ነጭ ቀሚስሽን አድርገሽ?»

ቀርቼ ነበር። ኮሌጅ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንቴ፣ ትምህርት አምልጦኝ ጭንቅ ብሎኝ፣ ማስታወሻ ከጓደኛዬ ለምኜ ነበር። አብሬያት ቆሜ ያከበርኩትን ቀን ነው የረሳሁት። ሁሉም ቀን አንድ አንድ ሲጨመርበት መድኃኔ ዓለም ሰባት ላይ ዋለ። የሐኪሟ ኮምፒውተርና የእናቴ ወር ልክ ለልክ ገጠሙ።

አባቴ ከሳሎን ሆኖ ይሰማ ኖሯል። «የኔታ!» ብሎ ጠራኝ። መምህርነት ከጀመርኩ ወዲህ ስሜ ይኸው ነው። «ወደ መቀመጫዎ! ተማሪዋ ታስተምርልን!»

እናቴ ሳቀች። ያ ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን እንደገና እየገለበጥኩ፣ ያንን የተሳሳተ ዝርዝር ልልከው አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቶኝ እንደነበር እያሰብኩ ነበር።

ይግባኙን ባቡር ውስጥ ነው የጻፍኩት፤ ከቬስትሊ ኮሌጄ እስካለበት እስከ ማዮርስቱን፣ በየቀኑ ሄልስፊርን እያለፍኩ። ባለፍኩ ቁጥር የእናቴን ሕንፃ መስኮቶች አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ብዕሬ ይጠነክራል። አለቃዋ ሦስት ጊዜ ተነግሮት ቸል እንዳለ፣ የሠራተኛውን ጤና እንደናቀ፣ ኃላፊነቱን እንዳልተወጣ ጻፍኩ። ከደብዳቤዬ ጥፋት በኋላ ጥፋቴን የምክስበት ይኸው ነው ብዬ ነበር።

እናቴ በአማርኛ አስነበበችኝ። «ቸል ብሎ» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሣች።

«ይኼን አውጪው።»

«እናቴ፣ ከወጣ እኮ ይደክማል። የሚያሸንፈን ይሄ ነው።»

«ሰውየው ክፉ አይደለም። ምትክ ሰው አጥቶ ነው። እሱም ከላይ አለቃ አለው። በሌለበት እንዲህ ብዬ አላማውም።»

«ሐሜት አይደለም፣ ክላገ ነው!»

«በእኛ ቤት ሰው ላይ ያልነገሩትን ከጀርባው ሲጽፉበት ሐሜት ነው የሚባለው። መጀመሪያ ሄጄ እነግረዋለሁ። ከዚያ ትጽፊያለሽ።»

በጣም ፈራሁ። ከነገረችው መልስ ያዘጋጃል፤ ሰምቼ አላውቅም ይላል፤ እጁ ላይ ያለው ደግሞ ምንም አልጎደለብኝም የሚል ደብዳቤ ነው። «ቢክድሽስ?» አልኳት።

«ሳልሰድበው የወጣሁ ሰው ነኝ» አለች። «ምን ብሎ ይክደኛል?»

ሐሙስ ቀን አብረን ሄድን። ከቬስትሊ ተነሥተን፣ እሷ መስኮት አጠገብ፣ እኔ ከጎኗ። ጥሩ ኮቷን ለብሳ ነበር። በየጣቢያው ሰው እየገባ ባቡሩ ሲሞላ፣ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ወንበሯን ለቀቀችላት፤ ዘጠኝ ዓመት ቆማ ሄዳ የማታውቀዋ እናቴ ያን ቀን ቆማ ሄልስፊር ገባች።

አለቃዋ መግቢያው ላይ ጠበቀን። ገና ሰላም ሳይላት እጇን አየ። «እጆችሽ!» አለ። «ድነዋል!»

«ያ» አለችው። «ውኃ ስለተውኩ።»

የእናቴ ኖርዌጂያንኛ አጭር ነው፤ የጎደለው ነገር ግን የለም። ሰውየው ቀላ። ወደ አንድ ትንሽ ክፍል አስገባን፤ የጽዳት ሠራተኞቹ ሻይ የሚጠጡበት ነው። ግድግዳው ላይ በአራት መርፌ ተይዞ የኔ ደብዳቤ ተሰቅሏል። ፊቴን የት እንደማዞረው አጣሁ።

«እንዲህ ብሎ የለቀቀልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም» አለ። «ሌሎቹም እንዲያነቡት ነው የሰቀልኩት። ሳነበው፣ እንግዲያው ደህና ነሽ፣ የተሻለ ነገር አግኝተሽ ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

ያ ዓረፍተ ነገር ለካ ቢሮውን ብቻ አይደለም ያሳሳተው። እናቴ ወደኔ ዞር ብላ በአማርኛ «አየሽ፣ አሳምረሽው ነበር» አለችኝ። ስላቅ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ቀኖቹን የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠሁት። ስልኩን አውጥቶ ወደ ኋላ ይገፋ ጀመር። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«ኖቬምበር ሃያ ሁለት» አለ። «ይኸው። ‹ጓንት፣ ሌላ ዓይነት› ብዬ ጽፌያለሁ።» ገፋ አደረገ። «ዲሴምበር አንድ። ‹ሥራ መቀየር፣ ከገና በኋላ› ይላል።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ከገና በኋላ ብዬ ነበር።»

ሦስተኛው፣ የጥር ሥላሴው፣ ስልኩ ላይ አልነበረም። አላስታውስም አለ። እናቴ ልታስታውሰው ሞከረች።

«አዲስ ጫማ አድርገህ ነበር፤ ቡናማ። ወለሉ እርጥብ ስለነበር እንደ ድመት በጫፍ ጫፉ አለፍክ። ያኔ ነው የነገርኩህ።»

ሳቀ፤ ጫማውን አስታወሰ፣ ንግግሩን ግን አላስታወሰም። «ያላስታወስኩትን ልፈርም አልችልም» አለ። «ሁለቱን ግን እጽፍልሻለሁ። አሁኑኑ።» እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። እናቴ ተነሥታ አመሰገነችው። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆም ብላ ወለሉን አየች። ከንፈሯን ትንሽ ጣል አደረገች። መስመር ነበረበት፤ እኔም አየሁት።

ይግባኙን እንደገና ጻፍኩ። ቸል ማለትና መናቅ ወጡ። የሐኪሟ ቀን፣ የአለቃዋ ሁለት ቀኖች፣ ሦስተኛውም ገቡ፤ ከሦስተኛው ሥር፣ እናቴ ስላለች፣ «አሠሪው ይህን አያስታውስም» ብዬ ጨመርኩ። ስለ መጀመሪያው ደብዳቤም እውነቱን አስረዳሁ። በእኛ ልማድ ሰው ሲለቅ የሚጽፈው ምስጋናውን እንጂ ሕመሙን እንዳልሆነ፣ «ምንም አልጎደለብኝም» የሚለውን ደግሞ የጨመርኩት ልጇ እኔ እንደሆንኩ ጻፍኩ። ይህን መጻፍ ከሁሉ ከበደኝ። እናቴ ስትሰማው «እሱን እንኳ ተዪው፣ ምን አድርገሽ!» አለችኝ።

«ናይ» አልኳት። «ይሄ ይቀመጥ።»

ጠረጴዛው ላይ አገጯን ይዛ ትንሽ አየችኝና «ይቀመጥ እንግዲህ» አለች። በክርክር ያሸነፍኳት በዚህ ብቻ ነው።

የላክነው ከፋሲካ በፊት ነው። ፋሲካ አለፈ፣ ዕርገት አለፈ። እስከዚያው እናቴ ሥራ መፈለጓን አልተወችም፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚሞላውን ቅጽ ራሷ መሙላት ተማረች፤ እዚሁ ቬስትሊ ባለ አንድ ባርነሃገ፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሕፃናቱ ጋር መዋል ጀመረች። ሕፃናቱ ጠባሳዋን እየነኩ «ያማል?» ይሏታል፤ «አሁን አያምም» ትላቸዋለች። መልሱ ግን አልመጣም። እሷ አትጠይቀኝም፤ እኔ ግን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ወደ እጄ እንደምታይ አውቃለሁ።

በሰኔ አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ከፈተና ወጥቼ ቤት ስገባ መልእክቱ መጣ። እናቴ ልብስ ትጣጥፋለች፤ አባቴ የሥራ ልብሱን ለብሶ ሊወጣ ቆሟል። ቆሜ አነበብኩት፤ ቀድሜ ለራሴ፣ ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ውሳኔው ተለውጧል። አሥራ ስምንቱ ሳምንት ተነሥቷል። ከሐኪሟ ማስረጃና አሠሪው ካረጋገጣቸው ሁለት ቀኖች እንደሚታየው፣ ሥራዋን ለመልቀቅ በቂ ምክንያት ነበራት።

«እንደገና በዪው፣ የመጨረሻውን» አለች እናቴ።

«ሥራዋን ለመልቀቅ በቂ ምክንያት ነበራት።»

«በነሱ ቋንቋ የቱ ጋ ነው?»

ስልኩን ሰጠኋትና በጣቴ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች። በኖርዌጂያንኛ፣ ቃል በቃል፣ እያንዳንዱን ፊደል እየረገጠች አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው። አባቴ እንኳ ቀልድ አልመጣለትም፤ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆመ። ስልኩን መለሰችልኝና የጀመረችውን ፎጣ አጥፋ አስቀመጠች፤ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር አስተካክላ።

«ለሚካኤል ዋዜማ ደረሰ» አለች። ቆጠርኩ፤ በዚህኛው አልተሳሳትኩም። ሰኔ አሥራ አንድ ነበር።

አትመሽ አምጪልኝ ስላለችኝ አተምኩላት። ፓስፖርታችንና የክርስትና ወረቀቴ ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ይዘን ቆመን ሳለ፣ አንዲት የእናቴ ጓደኛ መጣች። እሷም ጽዳት ነበር የምትሠራው። ቦርሳዋ ውስጥ የታጠፈ ደብዳቤ ነበር፤ ወገቧን አሟት ሥራ ለቅቃ፣ ያው አሥራ ስምንት ሳምንት ተብላለች። እናቴ ማንም ሳይጠይቃት ስለኔ አውርታ ኖሯል።

«የኔ ልጅ፣ ጠበቃ ነሽ አሉ» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ናይ፣ መምህርነት ነው የምማረው፣ ገና አንደኛ ዓመት...»

«ለቅቀሽ ስትወጪ ምን ብለሽ ጻፍሽላቸው?» አለቻት እናቴ መሀል ገብታ።

ሴትዮዋ አፈረች። «ምን እላለሁ፣ አመሰገንኩ። ሁሉ ጥሩ ነበር አልኩ።»

እናቴና እኔ ተያየን። ወንበር ሳበችላት። ለኔም ሳበችልኝ፣ ከቦርሳዋም ብዕር አውጥታ ሰጠችኝ። ሁለት እጇን፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ከነጠላዋ አውጥታ የሴትዮዋን እጅ ያዘች።

«ተቀመጪ» አለቻት። «አሁን ቀስ ብለሽ ንገሪን። ወገቤን አመመኝ ብለሽ ለአለቃሽ መጀመሪያ የነገርሽው ማን የዋለበት ቀን ነው?»

ሴትዮዋ አላመነታችም። «ተክለ ሃይማኖት» አለች።

ጻፍኩ።